የቁም ሙሾ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ሁመራ ላለኸው ለልጄ አባት፣

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ በክረምት የሚነሳብህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? ሚስትህ ደህና ናት? ልጆችህ ደህና ናቸው? ከብት ካለህ ከብትህ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፣ ጥርሴ ቆሎ አይወድም፣ ምላሴ ግን እንደተውከው ነው።

አንተ ብዬ ጀምሬያለሁ፣ አትቀየመኝ። ድሮ አንቱ ነበር የምልህ። አንቱታህን ይዘኸው አልሄድክም፤ እኔም ይመጣ ይሆናል ብዬ ሳስቀምጠው ብል በላው።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው። በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ናት። አንተ ማታ ማታ ደጅ ተቀምጠህ፣ ሚስት ፊደል ተምራ ለማን ልትጽፍ ነው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ይኸው ላንተው ሆነ። ቢንጋደድም ታገሰኝና አንብበው። ለሰው እንዳላስጽፈው የሰው ጆሮ የሚገባው ነገር አይደለም። ስልክ እንዳልደውል፣ ቁጥርህን ሞላ ሰጥቶኛል፣ ግን ስልክ ከከፋህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ቢያንስ ታጥፎ ኪስህ ውስጥ ያድራል። ደግሞ በስልክ ስናገር እጮሃለሁ፣ ይኸ ደግሞ የሚጮህበት ነገር አይደለም። ሞላ የአራጌ ልጅ፣ የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ ልጅ፣ ዘንድሮም ለሰሊጥ እርሻው ምንጣሮ ወደናንተ ይወርዳልና ይዞልህ ይመጣል። ታማኝ ልጅ ነው። ቢከፍተውም ፊደሌን አያነበውም።

ነገሩን በአጭሩ ልንገርህ ብዬ ነበር፤ አጭር ነገር ከኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለማንኛውም መጀመሪያ ይችን ያዝ። ሞተሃል።

አትደንግጥ፣ በመጽሐፍ ነው። እኔ አልቅሼልሃለሁ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ አልቅሶልሃል፣ ሙሾህ በማሽን ተቀርጿል፣ አዲስ አበባ ሄዶ በወረቀት ወጥቷል። አሁን ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ቆመ። የቆመው ባንተ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

ባለፈው ጥር አንዲት ልጅ መጣች። ሱሀይላ ትባላለች፣ የደሴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ስታያት ግን አስተማሪ አትመስልህም፣ ጭቃውን እንደኛ ትረግጠዋለች፣ የሰጧትን ትበላለች። ከከላላ ጀምራ በበቅሎም በእግርም እየዞረች ሙሾ ትለቅማለች። ሰው ጎመን ይለቅማል፣ ይቺ ልቅሶ ትለቅማለች ብለን ሳቅንባት። እሷም አብራን ሳቀች። ኋላ ግን አንድ ነገር ብትነግረን ሳቃችን ቀጥ አለ። የውጭ አገር ሰዎች ድሮ እየመጡ የናንተን እናቶች ሙሾ ቀድተው ሄደዋል፣ ባገራቸውም መጽሐፍ አድርገውታል አለች። የኛ ልጅ ያንን ላንብበው ካለ ባሕር ማዶ ጽፎ፣ ለምኖ፣ በሰው ቋንቋ ነው የሚያነበው አለች። ሙሾውን ያወጣችው ሴት ስም ደግሞ የለም፣ አንዲት የአገሬው ሴት ነው የሚላት አለች።

ንግሥቴ ብድግ አለች። ጎረቤቴ ንግሥቴ፣ አትረሳትም፣ ሰርጋችን ላይ ከበሮውን መትታ የቀደደችው። የኔ እናት አንዲት የአገሬው ሴት አልነበረችም፣ ስም ነበራት አለች። እውነቷን ነው። የሷ እናት ያልቆመችበት ቀብር እኮ ቀብር አይመስልም ነበር።

ሱሀይላም እኔ የመጣሁት ለዚሁ ነው አለች። አዲስ አበባ አንድ አሳታሚ አለ፣ መጽሐፉን እዚሁ ባገራችን፣ በራሳችን ቋንቋ ያወጣዋል። ከሙሾው ሥር ያወጣችው ሴት ስም ይጻፋል። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ወረቀቱ ተመልሶ መጥቶ ለየባለቤቱ ይነበባል፤ ባለቤቷ እሺ ያላለችው አይታተምም። እንዲህ ስትለን ወደድናት።

ወደድናት እንጂ ሙሾ አልሰጠናትም። ከየት ይምጣ? ሬሳ ሳይኖር ሙሾ ማውጣት ሟርት ነው። በደህና ቀን የተለቀሰ ልቅሶ ባለቤት ፍለጋ ይዞራል፣ ያገኘው ላይ ይለጠፋል፤ ይኸን ያሳደጉን ናቸው የነገሩን። ልጅቱ ማሽኗን ታቅፋ አንዳችን እስክንሞትላት ቁጭ አትል። ንግሥቴማ፣ አብሽሪ ልጄ፣ ብርዱ በርትቷል፣ የአራጌም ሳል ጥሩ አይደለም ብላ አሳቀችን።

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ቤቴ ገብቼ ያንተን ካፖርት አወጣሁ። ያን ከወታደር የገዛኸውን፣ ደርግ ወድቆ እነዚህ የገቡ ሰሞን ስትሄድ፣ ሁመራ ሙቀት ነው ብለህ የተውከውን። ባገራችን ሰው በረሀ ሲቀር፣ ሬሳው ሳይገኝ ሲቀር፣ ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል አይደል? ሴቶቹ መሀል ዘረጋሁት። ዓይናቸው ፈጠጠ። ውይ፣ ሰውዬው ሞቷል እንዴ፣ መቼ ተሰማ አለች አንዷ። ለኔ ከሞተ ቆይቷል፣ ልቅሶው ነው የዘገየበት አልኳት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፄን ለቅቄ ስምህን ጠራሁት።

ስምህን በአፌ ጠርቼው እንደማላውቅ ታውቃለህ። የሚስት ወግ ሆኖ አንቱ፣ እሱ፣ ሰውዬው ነበር። ከሄድክ ወዲያ ደግሞ ማንን ልጥራበት? ያን ቀን ብቻ ጠራሁት። እዚህም አልጽፈውም። ስምህ የገባበትን ትቼ የቀረውን ልጻፍልህ፣

አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እያየሁት፣
ወፍ ነው ብዬ ነበር ጥሬ የበተንኩት።

የሰው ልብስ ሲተኩስ እጁ ተለብልቦ፣
የላከው ደረሰ ላኪው ቀረ ታስቦ።

ሹሩባው ሳይፈታ ቅቤው ሳይደርቅበት፣
ማን ወሰደው ቀድሞ ወደማያውቀው ቤት።

ሌላም ብያለሁ፣ ይበቃሃል። ያን ጊዜ ሴቱ ምን እንደሆነ ብታይ! ስትስቅ የነበረችው ሁሉ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ንግሥቴ ደረቷን ስትደቃው እኔ ነኝ የያዝኳት። የሃሩን ሚስት፣ እስላሟ፣ ለወሬ ብቻ ብቅ ብላ የነበረች፣ ያረቢ ያረቢ እያለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ገብቶ አለቀሰ። አንዳቸውም ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። በዚያው የየራሳቸውን የድሮ ሙሾም አወጡ፣ ንግሥቴም የናቷን። ሲያበቃ ሱሀይላ ፊቷን እየጠረገች፣ እንዴት ያለ የተወደደ ሰው ነበር አለች። ንግሥቴም አፍንጫዋን እየናፈጠች፣ አዎ፣ አገር ነው የሚወደው አለቻት።

አየህ፣ አንድ ቀን አገር ወደደህ። ግን አንተም ሞኝ አይደለህም። ሰው ጥሎ ለሄደ ባል እንዲህ አያለቅስም።

አሁን ስለ ልጅህ ልንገርህ።

ይርገዱ ሳውዲ መሄዷን ሞላ ነግሮሃል። ልጇን ብዙአየሁን ጡት አስጥላ ለኔ ትታልኝ ነው የሄደች። የብዙአየሁ አባት እንዳንተው መንገድ የሚወድ ሆነ፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ለዚህ ቤት ወንድ አይበረክትለትም። ደላላው የክርስቲያን ስም አይሆንም ብሎ ፓስፖርቷ ላይ ኸዲጃ አስባላት። እዚህ ይርገዱ፣ እዚያ ኸዲጃ። ስትደውል፣ እማ ደህና ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ነው የምተኩሰው፣ ፎቁ ረጅም ነው ትለኝ ነበር። ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። አንተ ስትሄድ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሹሩባ ስትሠራ የምታለቅሰው ለቅሶ ትዝ ይልሃል? ጭንህ ላይ አስደግፈህ የምትይዝልኝ አንተ ነበርክ። ሌላ ሰው ከያዛት አትሠራም ነበር።

የሳውዲ መንግሥት ልጆቻችንን ጠራርጎ የመለሰ ጊዜ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ መጣ። ጆንያ የሚያህል ሻንጣ ይዛ የወረደች አለች፣ በነጠላ ጫማ የወረደች አለች። እኔ መናኸሪያ ቆሜ አውቶብስ በመጣ ቁጥር አየሁ። የሃሩን ልጅ ስትወርድ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ኋላ ቀረብ ብላ፣ እማማ፣ ስለ ኸዲጃ የምነግርሽ አለኝ ብትለኝ፣ እኔ ኸዲጃ የምትባል ልጅ አልወለድኩም ብያት ሄድኩ። ዋሸሁ? ወልጃለሁ እንዴ? ስሟን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ አንተ ፍረድ።

ከዚያ ወዲህ የቅሬው ሽማግሎች ጎህ ሲቀድ ደጄ መቆም አመጡ። ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ አገር ያውቀዋል። እኔ ታዲያ ይኸን ምላስ ለምን ቀን አስቀመጥኩት? አራጌ ጉሮሮውን መጠራረግ ሲጀምር፣ በሬህ አጥሬን በልቶ ልትክሰኝ ነው በጠዋት የመጣኸው ብዬ ተቀበልኩት። በሬው አልበላም። እሱ ስለ በሬው ሲምል ቂጣ አምጥቼ እጁ ላይ አኖርኩ። እህል የቀመሰ አፍ መርዶ አይናገርም፤ ሽማግሌ ሆኖ ደግሞ የቀረበለትን እንቢ አይልም። በሉና ሄዱ። ሌላ ጊዜ መጡ፣ ስለ ውኃው ቦኖ ወረፋ ነዝንዤ ዳቦ አበላኋቸው። ንግሥቴ፣ ሽማግሎቻችን ባንቺ ቤት ወፈሩ ትለኛለች። እየሳቀች ነው የምትለኝ፣ ግን ዓይኔን አታየኝም። ያልተነገረ መርዶ መርዶ አይደለም። በአፉ የነገረኝ ሰው የለም። አንተም እንዳትነግረኝ።

ብዙአየሁ እናቷን ትጠብቃለች። አምስተኛ ክፍል ናት። ቁመናዋ ያንተ ነው፣ ምላሷ የኔ ነው፣ እግዜር ይርዳት። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ለምርጫው ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ንብ ያለበትን ሳይቀር። ሙሾው መጽሐፍ ሲሆን መጀመሪያ የምታነበው እሷ ናት። ይችን ያዝልኝ።

እሺ። በመጋቢት ደግሞ አሳታሚው ራሱ መጣ። አለምነው ይባላል። አሳታሚ ሲሉኝ ባለ መኪና መስሎኝ ነበር። ከደሴ በአውቶብስ ተንገላቶ፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ነው የደረሰው። ሻንጣውን ስንከፍት ልብስ የለም፣ መጽሐፍ ብቻ ነው። ደጎሎ ላይ አውቶብሱ ሲቆም ወርጄ ስሸጥ ሊጥለኝ ነበር አለን። በኛ አገር መጽሐፍ ማሳተም የሥራው እኩሌታ ነው፣ እኩሌታው ተሸክሞ መዞር ነው አለ። እንደ ጨው ነጋዴ ነሃ አልኩት። እንደሱ ነው እማማ፣ ልዩነቱ ጨውን ሁሉም ሰው ይፈልጋል አለኝ። ይኸ ሰው ደህና ሰው ነው አልኩ በልቤ።

ሴቱን ሁሉ ቅሬው ቤት ሰብስቦ፣ ማረሚያ የሚሉትን ወረቀት ዘርግቶ፣ ለየባለቤቱ ማንበብ ጀመረ። አነባበቡን ብትሰማ! የሬዲዮ ወሬ ነው የሚመስለው። ንግሥቴ፣ ልጄ፣ እንዲህ እያነበብክ ቀብር ብትመጣ ሬሳው ተነስቶ ወደቤቱ ይሄዳል አለችው። እሱም እንዴት ልበል እማማ ብሎ ተማረ። አንዷ ቃሏን አቃናች፣ አንዷ ይኸን እኔ አላልኩም ብላ ተጣላች፣ ሱሀይላ ማሽኑን ከፍታ ብታሰማት የራሷን ድምፅ ሰምታ አፈረች። የንግሥቴ እናት ሙሾ ላይ ሲደርስ፣ ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ አነበበው። ንግሥቴ ድገምልኝ አለችው። ደገመላት። የቱ ጋ ነው ያለው አለችው። አሳያት። እሷ ፊደል አታውቅም፣ ግን ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ሰውየው ገጹን ሊገልጥ ቢፈልግ አላስገልጥ አለች።

ከዚያ የኔ መጣ። አነበበው። ከላዩ ላይ፣ ለሟች ለአቶ እገሌ የወጣ ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ብዕሩን አውጥቶ፣ እማማ፣ ባለቤትዎ የሞቱበትን ዓመትና ቦታ ይንገሩኝ፣ ከግርጌ እጽፈዋለሁ አለኝ። ሴቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዷ አልችል ብላ፣ ኧረ እሱ ሁመራ ሰሊጡን እየሸጠ ነው አለችው። ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።

በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብለን ካተምን ይከሰናል አለ። መጽሐፉ ከየሱቁ ይሰበሰባል፣ የሁላችሁም ሙሾ አብሮ ይሰበሰባል አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ንግሥቴ ጣቷን ከናቷ ስም ላይ አላነሳችም ነበር፣ እሷም ቀና ብላ አየችኝ። እንግዲህ ይውጣ አለ ሰውየው። መውጣቱን ካልወደዱ ስማቸውን እንተወውና ለማን እንደወጣ ያልታወቀ እንበል አለ።

ሁለቱንም አይሆንም አልኩት። ባለቤት የሌለው ሙሾ በመጽሐፍ ታትሞ አገር ላገር ከዞረ ማን ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ? ቤቴ ልጅ አለች አልኩት። ምን እንዳልኩት አልገባውም። ሱሀይላ ግን ወረቀቱን ተቀብላው ታነበዋለች። ቀስ ብላ፣ እማማ፣ እኚህ ሰው ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፣ አይሮፕላኑ ከምን መጣ አለችኝ። ሰሊጥ ነጋዴ አይሮፕላን አይሳፈርም አልኳት። ልብስ መተኮሱስ አለችኝ። ንጹሕ ሰው ነው አልኳት። ሹሩባውስ አለችኝ፣ ድምፅዋ አንሶ። በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ወንድ ሹሩባ ይሠራ አልነበረም፣ መቅደላ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ የኛ ወንዶች ከየት የመጡ መሰለሽ አልኳት።

አንተ እንኳን ሹሩባ፣ በሠላሳ ዓመትህ ግንባርህ ማጅራትህ ደርሶ ነበር። እዚያ ያለችው ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ መሬት ይንከባለሉ ነበር። ማንም አልሳቀም። ንግሥቴ መሬት መሬት ታያለች። የሃሩን ሚስት ሻሿን ነክሳለች። ሱሀይላ አየችኝ፣ አየችኝና ማሽኗን አጠፋችው። አለምነው ሌላ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዘችው።

ያን ጊዜ ማን ተናገረ መሰለህ? አራጌ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሴት በሚሰበሰብበት ምን አገባኝ ሲል ነበር። ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ የለም ወይ አለ። የኔው አባት በቁሙ አውጥቶ፣ ድግሱን አብሮ በልቶ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት ኖሯል አለ። ተዝካር በቁም ከወጣ ሙሾ በቁም ቢወጣ ምን አለበት? ባለቤቱ ከፈቀደ ምን ሟርት አለው? ሙሾው ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ፈቅዷል፣ አለቀ አለ። እኔን ሳያይ ነው የሚናገረው። ያ ስንት ቂጣዬን የበላ ሰው ያን ቀን ካሰኝ።

አለምነው ደስ አለው። የቁም ሙሾ ብሎ እዚያው ጻፈው፣ እንዲህ ያለ በመጽሐፋችን የለም አለ። ግን በሰው ወሬ አላትምም፣ የሰውየው ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከነፊርማው ይምጣልኝ አለ። ከሰኔ በፊት ማተሚያ ቤት ይገባል። ካልመጣ ያ ገጽ ወጥቶ ይታተማል።

እንግዲህ የምፈልገውን ሰምተሃል። ወረቀት አውጣና፣ እኔ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የቀድሞዋ ባለቤቴ በቁሜ ያወጣችልኝ ሙሾ ከነስሜ እንዲታተም ፈቅጃለሁ ብለህ ጻፍ። ፈርም። ቀን ጻፍበት። ሁመራ ባሉት የአገራችን ልጆች አስመስክር። ሞላ አብሮት የሚወርደውን ወንድሙን ወደዚህ መልሶ ሊልክ ነውና በሱ እጅ ስጠው፣ እኔ ለሱሀይላ አደርሳለሁ።

ሚስትህ ሟርት ነው ብላ ትቆጣ ይሆናል። የድሮዋ ሴት እብድ ናት በላት፣ ፈቅጄልሃለሁ። አንተም ቅር ይልህ ይሆናል። ያቺ ሴት ሃያ ዓመት ቂም ይዛ ኖራ ይኸው ቀበረችኝ ትል ይሆናል። ቂም አይደለም። ቂም ቢሆን ከሄድክ ማግሥት ባወጣሁት፣ ያኔ ድምፄም ጥሩ ነበር።

ስማኝ። ለልጅህ ልብስ አልላክህላት፣ አላስተማርካት፣ ስትታመም አላስታመምካት። ወቀሳ አይደለም፣ ያለፈ ነው፣ ውኃ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶሃል። ሰው ሁሉ ለልጁ እሞትልሻለሁ ይላል። አንተ በወረቀት ላይ ሙትላት። ሰሊጥህን እየሸጥክ፣ ምሳህን እየበላህ ሙትላት። ሙሾው ያንተ ከሆነ የሷ አይደለም። የሷ ካልሆነ ደግሞ ብዙአየሁ ነገ ጠዋት ስትነሳ እናት አላት።

ይውጣና ይቅር እንዳትለኝ። ያ ገጽ ከወጣ አልተለቀሰም ማለት ነው። መቃብር የለ፣ ድንጋይ የለ፣ አርባ የለ፣ ተዝካር የለ። ያለው ያ ገጽ ብቻ ነው። ላንተ ማለቴ ነው።

ብዙአየሁ መጽሐፉ ሲመጣ ታነበዋለች። የአያቴ ሙሾ፣ በቁሙ የተለቀሰለት መላጣው አያቴ ብላ ትስቃለች፣ ጓደኞቿን ጠርታ ታስቃለች። ትሳቅ። ስታድግ፣ ልጅ ስትወልድ፣ የልጇን ራስ ስትሠራ፣ አንድ ቀን እንደገና ትከፍተው ይሆናል። ያን ጊዜ የሚገባት ይገባታል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ትችለዋለች። እኔ ለዚያ ቀን ነው መጽሐፍ የፈለግሁት። ምላሴ እስከዚያ አይደርስም።

እንቢ ካልክ ግን አንድ ነገር እወቅ። ከሞላ ወንድም ጋር ተሳፍሬ ሁመራ ድረስ እመጣለሁ። ሚስትህ ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ ገበያተኛው እየሰማ፣ እንዳወጣሁት አወጣዋለሁ። ድምፄ እዚህ ከከላላ መንገድ ይሰማል ይሉኛል። ጉልበቴን አትመነው፣ እልኬን እመነው።

መልስ ስትልክ የማጽናኛ ቃል እንዳትጽፍብኝ። እግዜር ያጽናሽ የሚል ካየሁ ወረቀቱን ፈቃድህ ያለበት ቢሆንም እሳት እከተዋለሁ። ስለ ጤናዬ ጠይቀኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀኝ፣ ልጄ ደወለች ወይ ብለህ ጠይቀኝ። ለሱ መልስ አላጣም። ብዙአየሁን ልያት ካልክም ና፣ በሬ ክፍት ነው፣ ግን እየሳቅህ ና።

እንግዲህ አዝመራህ ይስመር። ሰሊጥህን ዝናብ አይምታብህ። ከበረሀው ወባ ይሰውርህ። የወለድካቸው በፊትህ ይቁሙ፣ አንድም አይጉደልብህ። ሚስትህንም እሷን ያቆይልህ፣ ከኔ የበለጠ ትዕግሥት ሳይኖራት አይቀርም። የአገራችን ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዱአ ሲያደርግ አንተንም ይጨምርልሃል፣ ነግሬያቸዋለሁ።

ይኸን ስታነብ ምናልባት ዓይንህ ቢሞላ፣ ሚስትህም አይታህ ምን ሆንክ ብትልህ፣ የቁም ሙሾዬ መጣልኝ፣ ለራሴ ነው የማለቅሰው በላት።

የልጅህ እናት